በሰው አገር ጩኸት ውስጥ ስለ መኖር



ዘመዱን ወደ ውጭ አገር የሸኘ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ገንዘቡ ነው። «የሚሞቅ ልብስ አለህን? እንጀራስ ታገኛለህን? የተሰጠህ ገንዘብ ይበቃሃልን?» ይላል። «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃልን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ራሴ በሰው አገር ዐሥራ አራት ወር ተቀምጬ እስካየው ድረስ ይህን ጥያቄ ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም ነበር። በዚህ ወር ሁለት ወዳጆቼ ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ስለ ሸኙ፣ በእኔ ቤት የደረሰውን ነገር ጽፌ ባስነብብ ለእነርሱም ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን እንደ አገራችን አቈጣጠር ናቸው።

እኔ በልጅነቴ ፊደል የቈጠርሁት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ፊደል የሚቈጥረውም፣ ዳዊት የሚደግመውም፣ ዜማ የሚቀጽለውም በአንድ ቅጥር ውስጥ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአንድነት ይጮኽ ነበር። ከውጭ ለሚሰማው መንገደኛ ነገሩ ሁሉ ሁከት ይመስለዋል፤ የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ተቀመጡ፣ ከሠላሳው ልጅ መካከል አንዱ ንባብ ቢያሳስት ስሙን ጠርተው ያርሙት ነበር። ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ነገሩ ተገላበጠ። በደወል ይገባል፣ በደወል ይወጣል፤ ንባብ በዓይን ብቻ ሆነ፤ ከንፈሩን ያንቀሳቀሰ ተማሪ ይገሠጻል። ስለዚህ ጩኸቱንም ዝምታውንም ሁለቱንም አውቃለሁ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ጆሮዬን የሚያሸንፍ ነገር አይገኝም እል ነበር። ይህ አባባሌ ትምክሕት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመዝገብ አያያዝ ሥራ እንድማር ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ፍራንክፈርት ከተማ ተላክሁ። ባለቤቴና ያን ጊዜ የስምንት ዓመት የነበረው ልጃችን አብረውኝ ሄዱ። የተከራየነው ቤት ከማይን ወንዝ በስተ ደቡብ፣ ዛክሰንሃውዘን በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ቤቱን ያየነው በአንድ እሑድ ቀን ከቀትር በኋላ ነው። መንገዱ ጭር ብሎ፣ ወፍ ብቻ ሲንጫጫ ሰምተን ደስ ስላለን በማግሥቱ ፈረምን። ዳሩ ግን እሑድ በዚያ አገር እንደ ሌላው ቀን አለመሆኑን አላወቅንም ነበር።

ሰኞ ሌሊት ነገሩ ተገለጠ። ከመስኮታችን በታች የከተማው ባቡር ማዕዘኑን ሲዞር ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ይጮኻል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ አይሮፕላኖች በየጥቂቱ ደቂቃ እየተከታተሉ ከጣራው በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የከበደን ግን ሌላ ነበር። ገና ሳይነጋ፣ በግድግዳው ውስጥ አንዳች ነገር እንደ መዶሻ ሦስትና አራት ጊዜ ይመታል፤ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ ይመታል። ባለቤቴ ከእንቅልፏ እየደነገጠች ትነሣና፣ «ከበላያችን ያለው ሰው ቢጠላን ነው እንጂ፣ በየሌሊቱ ግድግዳ የሚቀጠቅጠው ምን ሆኖ ነው?» ትለኝ ነበር። ከበላያችን የሚኖሩት አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ በደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ የማያበዙ ሰው ነበሩ። እኔም መጀመሪያ «እንዲህ አይደለም» እላት ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን እኔ ራሴ አመንሁት።

አንድ ወር ሳይሞላ ቤታችን ተለወጠ። ባለቤቴ ራሷን ያማት ጀመር፤ ሐኪም ቢመረምራት የደሟ ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። እኔ በትምህርቱ ስፍራ የጻፍሁትን ደግሜ ሳነበው ስሕተት የሞላበት ሆነ። በቤት ውስጥ ማንኪያ በወደቀ ቍጥር የምቈጣ ሰው ሆንሁ። አንድ ቀን ልጄ የቤት ሥራውን እያነበበ አንዲት ቃል ሦስት ጊዜ ቢያሳስት፣ የኔታ ሠላሳ ልጅ በትዕግሥት የሚያርሙትን እኔ አንዱን ልጄን ማረም አቅቶኝ ጮኽሁበት። ልጁም መጽሐፉን ዘግቶ፣ «አባባ፣ አንተም እንደ አይሮፕላኑ ሆንህ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ የመኝታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ፣ የቤታችን ሰላም ጉዳይ እንደ ሆነ ተረዳሁ።

በእውነቱ ይህ የስንፍና ወይም የምቾት ፍለጋ ነገር አይደለም። ዓይን ሽፋሽፍት አለው፤ ሲደክም ይከደናል። ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ እርሱ ዘብ እንደ ቆመ ያድራል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ ተኝቶ የሚሰማው ሰው ባይነቃ እንኳ ድምፁ በመጣ ጊዜ ልቡ ፈጥኖ ይመታል፣ ደሙም ይገፋል። ይህ በየሌሊቱ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ለደም ግፊትና ለልብ በሽታ ያጋልጣል። «ለምጄዋለሁ፣ አሁን አልሰማውም» የሚል ሰው አለ፤ አሳቡ ቢለምደው ሰውነቱ ፈጽሞ እንዳልለመደው ግን ማወቅ ይገባዋል።

የድምፅ ኀይል የሚለካበት መስፈሪያ ዲሲቤል ይባላል። በሹክሹክታ የሚነገር ነገር 30 ያህል፣ የሁለት ሰዎች ጨዋታ 60 ያህል፣ ብዙ መኪና የሚያልፍበት መንገድ 80 ያህል ነው። ይህ መስፈሪያ እንደ እህል ቍና አይደለም፤ 10 ዲሲቤል በተጨመረ ጊዜ የድምፁ ኀይል ዐሥር እጥፍ ይሆናል፣ ለጆሮም በእጥፍ የጨመረ መስሎ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ በመኝታ ቤት ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዲሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ደግሞ በ2018 ዓ.ም. ለአውሮፓ አገሮች ባወጣው መመሪያ፣ ከቤት ውጭ ሲለካ የሌሊቱ አማካይ ድምፅ ከመንገድ የሚመጣው ከ45፣ ከአይሮፕላን የሚመጣው ከ40 ዲሲቤል በታች እንዲሆን አሳስቧል።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። እኛ የሰውን ጩኸት ስንቈጥር ሳለን፣ በአንድ ሰኞ ጧት በበራችን ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋ አገኘን። ጽሕፈቷ ትሕትና ያለባት ነበረች፤ ነገሯ ግን ይህ ነው፦ «በየእሑዱ ከቀትር በኋላ በቤታችሁ ውስጥ የሚቀጠቀጠው ምንድን ነው? እባካችሁ ተዉልኝ።» ጽሑፉ ከበታቻችን ከሚኖሩት ሴት የመጣ ነበር። ባለቤቴና እኔ ተያየን። እሑድ ከቀትር በኋላ የሚቀጠቀጠው የእኛ ቡና ነው። ከአገራችን ይዘነው የሄድነው ሙቀጫ በእንጨት ወለል ላይ ተቀምጦ ሲወቀጥ፣ ከታች ላለው ሰው ጣራው የሚፈርስ ይመስለዋል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ሆነ።

ባለቤቴ ወረቀቱን በወረቀት አልመለሰችም። በማግሥቱ ማታ ወርዳ ደወሉን ደወለችና ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቀች፤ በሚመጣው ቅዳሜም ቡና እንዲጠጡ ጠራቻቸው። እኒያ ሴት በሐኪም ቤት የሌሊት አስታማሚ ነበሩ። ሌሊቱን ከሕመምተኞች ጋር አድረው የሚተኙት በቀን ነው። እኛ «ፀጥ ያለች ሴት» የምንላቸው ተኝተው ስለነበር ነው። ቅዳሜ መጥተው ሙቀጫውን በዓይናቸው አይተው፣ ዘነዘናውንም በእጃቸው ይዘው ሣቁ። እስከ በረካ ድረስ ተቀምጠው ጠጡ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ከሙቀጫው በታች አሮጌ ጋቢ አራት እጥፍ አድርጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ የምትወቅጠውም ቅዳሜ ጧት ከገበያ በፊት ለሳምንቱ የሚበቃውን ሆነ። ከዚህ በኋላ የወረቀት ክርክር በመካከላችን አልነበረም።

እኒያ ሴት በዚያች ቀን የአገሩን የጸጥታ ሥርዓት አስተማሩን። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት የሌሊት ዕረፍት ነው። በብዙ የኪራይ ቤቶች የውስጥ ደንብ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የቀትር ዕረፍት አለ። እሑድና በዓል ግን ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም፤ ግድግዳ መብሳትም ሣር በመኪና ማጨድም ክልክል ነው። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን ነገሩን ከሕጉ መጽሐፍ ፈለግሁት። በእውነትም በ1919 ዓ.ም. በወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት በ139ኛው አንቀጽ እሑድና የታወቁ በዓላት ከሥራ የሚታረፍባቸውና መንፈስ የሚታደስባቸው ቀኖች ሆነው በሕግ እንዲጠበቁ ተጽፏል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የአሁኑ መሠረታዊ ሕግም በ140ኛው አንቀጽ ይህንኑ ቃል ተቀብሎ አጽንቶታል። ያን ጊዜ ቤቱን እሑድ ቀን ማየታችን ምን ያህል እንዳሳሳተን ገባኝ። ደግሞም እኛ በእንግድነታችን ያላወቅነውን ሥርዓት ስናፈርስ፣ ሌላው ሰው እንደ ድፍረት ይቈጥርብን እንደ ነበር አስተዋልሁ።

ስለ መዶሻው ነገር በነገርኋቸው ጊዜ ግን ሴትዮዋ ወዲያው አልፈረዱም። «እርስዎ ጸሐፊ አይደሉምን? እንግዲያስ ይጻፉት» አሉኝ። በዚያ አገር ጩኸት ያስቸገረው ሰው ከመክሰሱ በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የድምፁን ዓይነትና የቈየበትን ጊዜ በየዕለቱ መመዝገብ ልማድ ነው። ተከራዩ ጩኸቱ ከመጠን ያለፈ መሆኑን ቢያስረዳ ኪራዩ እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል። በእውነት ልናገርና፣ እኔ በዚያን ጊዜ በሽማግሌው ላይ ስድስት አንቀጽ ያለው አቤቱታ ረቂቁን ጽፌ በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። የጐደለው መዝገቡ ብቻ ነውና በዚያው ሌሊት ጀመርሁ።

ዐሥራ አራት ሌሊት ጻፍሁ። ከሳምንት በኋላ መዝገቡን ሳነበው አንድ ነገር አስደነቀኝ። መዶሻው የሚመታው ሁልጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኖ፣ አንድም ቀን አልዘገየም፤ በበረታው ብርድም ምቱ ይበዛ ነበር። ሰው የፈለገውን ያህል ቂም ቢይዝ እንዲህ ባለ ትክክለኛ ሰዓት አይነሣም። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አስታማሚዋን በደረጃ ላይ አግኝቼ ስለ ሽማግሌው ብጠይቃቸው፣ «እሳቸው እኮ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ በሌላ ከተማ ከልጃቸው ዘንድ ናቸው» አሉኝ። መዝገቤን ገልጬ ባየው መዶሻው ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም በሰዓቱ መትቷል።

የቤቱ ጠባቂ ተጠርቶ መጣና ግድግዳውን ዳስሶ ነገሩን በአንድ ጊዜ ፈታው። ቤቱን የሚያሞቀው ውሃ በሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሊነጋ ሲል ማሞቂያው በራሱ ይነሣና ሙቅ ውሃውን በቧንቧ ይሰዳል። ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ከያዘው መቈንጠጫ ጋር እየታገለ ይመታል። ጠባቂው መቈንጠጫውን አላልቶ በመካከሉ ጨርቅ አገባበት፤ ከዚያም ሌሊት ጀምሮ መዶሻው ዝም አለ። እኔም ያን ስድስት አንቀጽ አቤቱታ ቀድጄ ጣልሁት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት በየቀኑ በችሎት የምሰማ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ ለሃያ ዓመት ያህል የሰውን ክስ ስጽፍ ኖሬ ንጹሑን ሰው ልከስስ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ሽማግሌው ከጕዟቸው በተመለሱ ጊዜ ባለቤቴ ዳቦ ጋግራ ላከችላቸው። ለምን እንደ ላከችላቸው እስከ ዛሬ አያውቁም።

ከዚህ የተማርሁት ዋና ነገር ይህ ነው። ባለቤቱ የማይታወቅ ጩኸት ከሚታወቀው ይልቅ ይከብዳል። በአገራችን ሌሊት ዝምታ ኖሮ አይደለም እንቅልፍ የሚወስደን። ውሻ ይጮኻል፣ አውራ ዶሮ ይጮኻል፣ ማኅሌት ይቆማል፣ የሠርግ ቤት ከበሮ ያድራል። ነገር ግን የእያንዳንዱን ድምፅ ባለቤት እናውቀዋለን፤ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደሚያበቃ ልባችን አስቀድሞ ስለሚነግረን ያርፋል። በሰው አገር ግን ድምፁ ሁሉ ባዕድ ነው። ቋንቋ የማያውቅ ሰው በአጠገቡ የሚሣቁት ሁሉ በእርሱ የሚሥቁበት እንደሚመስለው፣ የድምፁን ምክንያት ያላወቀ እንግዳም በእርሱ ላይ የተነሣ ጠላት ይመስለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኀኒት መጠየቅና ማወቅ ነው።

የአይሮፕላኑንም ነገር በዚሁ መንገድ አጠናሁት። አይሮፕላን የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ ነው። የፍራንክፈርት አይሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ፣ ነፋሱ ከምዕራብ በነፈሰ ጊዜ የሚያርፉት በምሥራቅ በኩል በኦፈንባኽ ከተማና በእኛ ሰፈር በኩል ይመጣሉ፤ ነፋሱ ከምሥራቅ በነፈሰ ጊዜ ግን በሌላው ወገን ስለሚመጡ እኛ እናርፋለን። በዚያ አገር የሚበዛው የምዕራቡ ነፋስ ነው። ልጄ ይህን ካወቀ በኋላ በየማታው የነፋሱን ወሬ በስልክ አይቶ፣ «ነገ ምዕራብ ነው» ወይም «ነገ ምሥራቅ ነው» ይለን ጀመር። ጩኸቱ አልቀነሰም፤ ድንገተኛነቱ ግን ቀረ።

ደግሞ አይሮፕላኖቹ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት የማይመጡት እንዲሁ በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። በኦክቶበር 2011 ዓ.ም. አዲስ የማረፊያ ጐዳና በተከፈተ ጊዜ፣ የሄሰን ክፍለ አገር የአስተዳደር ፍርድ ቤት ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የተመደበ በረራ እንዳይኖር አዘዘ። በአፕሪል 2012 ዓ.ም. ደግሞ በላይፕሲክ ያለው የበላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ክልከላውን አጸናው። የሰፈሩ ሰዎችም ሰኞ ሰኞ ማታ በአይሮፕላን ጣቢያው አዳራሽ እየተሰበሰቡ አቤት ይሉ ነበር። እኔ በየሌሊቱ የተኛኋቸው ስድስት ሰዓቶች ሰዎች ተሟግተው ያስገኟቸው መሆናቸውን ባወቅሁ ጊዜ፣ በዚያ ከተማ ብቻዬን የተቸገርሁ አለመሆኔን ተረድቼ ተጽናናሁ።

ዳሩ ግን ማወቅ ልብን ያሳርፋል እንጂ ጆሮን አይደፍንም። ስለዚህ በቤታችን ያደረግነውን በአጭሩ እናገራለሁ።

አስቀድመን ያሰብነው ስለ ልጁ ነው። በዚያው በፍራንክፈርት አካባቢ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረና ኖራኽ የሚባል ትልቅ ምርመራ ነበር። ውጤቱ እንዳሳየው፣ የአይሮፕላን ጩኸት በ10 ዲሲቤል በጨመረበት ስፍራ የሚማሩ የሁለተኛ ክፍል ልጆች በንባብ አንድ ወር ያህል ወደ ኋላ ይቀራሉ። በኒው ዮርክም አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1975 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በባቡሩ ሐዲድ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩት ልጆች በሌላው ወገን ካሉት በንባብ ዘግይተው ተገኙ። ኋላ ከሐዲዱ በታች ጎማ ተነጥፎ፣ የክፍሎቹም ጣራ ድምፅ በሚውጥ ነገር ተሸፍኖ እንደ ገና ሲመረመር ልዩነቱ ጠፋ። እኛም ይህን ካነበብን በኋላ የእኔንና የባለቤቴን መኝታ ቤት ለልጁ ሰጠነው፤ እርሱ ከኋላ ወደ ግቢው ዛፎች የሚያይ ነበርና። እኛ ወደ መንገዱ ክፍል ወጣን። በዓመቱ መጨረሻ መምህሩ ንባቡ እንደ ተሻሻለ ጻፈልን። የክፍሉ ለውጥ ብቻ ይሁን የእኔም ቍጣ መቅረት አልለይም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

ሁለተኛው ስለ ሌሊቱ ነው። አልጋችንን ከመስኮቱ በኩል አንሥተን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዞርነው። ከጐረቤት ጋር በሚያዋስነን ግድግዳ በኩል የመጻሕፍት መደርደሪያ አቆምን። በመስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፤ የመስኮቱ ጎማ አርጅቶ ነፋስ የሚያስገባ ስለ ነበር በአዲስ አስለወጥነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ድምፅም ይገባበታል። ከዚህም በቀር ኦሮፓክስ የሚባለውን የጆሮ መድፈኛ ሰም ገዛን። ይህን ማክስ ነግቨር የሚባል የበርሊን መድኀኒት ቀማሚ በ1907 ዓ.ም. መሥራት የጀመረው ሲሆን፣ አሳቡን ያገኘው የመርከበኞቹን ጆሮ በሰም ከደፈነው ከግሪኩ ኦዲሴዎስ ተረት ነው ይባላል። ሰሙ በእጅ ሲሟሽ ይለሰልሳል፤ ወደ ጆሮ ውስጥ ጠልቆ ሊገፋ ግን አይገባም። ትንሽ ልጅ ያላቸው ወላጆች ሁለቱም በአንድ ሌሊት አያድርጉት፤ እኛ በተራ እናደርገው ነበር።

ግድግዳና ሰም ብቻውን ሁሉን ያድናል ብሎ የሚያስብም አይኑር። ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል በለንደን ሲኖር የጐረቤቶቹ ዶሮና ፒያኖ ቢያስመርረው፣ በ1853 ዓ.ም. በቤቱ ጣራ ሥር ድምፅ የማያስገባ ክፍል ብዙ ገንዘብ አፍስሶ አሠራ። ክፍሉ ግን እንደ ተመኘው ፀጥ ሊልለት አልቻለም። ሰው ዝምታን እያደነ በኖረ ቍጥር ጆሮው ይበልጥ እየሳለ ይሄዳልና፣ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስለ እኛ ስለ ራሳችን ነው። የወንበሮቹን እግር በጨርቅ ሸፈንን፤ ልጁ በቤት ውስጥ ለስላሳ ጫማ እንዲያደርግ አስለመድነው፤ ወደ አገር ቤት ስልክ ስንደውልም እንደ ልማዳችን «ሃሎ!» እያልን መጮኹን ተውን። በዓል ሲኖር እንግዶች ሳይመጡ ሁለት ቀን ቀድመን ለጐረቤቶቹ እንነግራለን፤ የተነገረው ሰው ይታገሣል፣ ያልተነገረው ግን ይቈጣል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የራሱን በር መዝጋት ለሚችል ሰው ነው። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ እኅቶቻችን የሚተኙት በሌላው ፈቃድ ነው፤ አንዳንዲቱም በወጥ ቤት ወይም በልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ታድራለች። ለእነርሱ ክፍል ለውጡ፣ መጋረጃ ስቀሉ ማለት ፌዝ ይሆናል። እኛ በአገር ቤት ያለን ልናደርግላቸው የምንችለው አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የዕረፍታቸውን ሰዓት ማክበር ነው። እዚህ ከጧቱ 4 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ከተማ ገና ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። ስንቱ አባት ቁርሱን በልቶ ልቡ ደስ ባለው ጊዜ ስልኩን አንሥቶ፣ ሌሊቱን በሥራ አምሽቶ ገና የተኛውን ልጁን ይቀሰቅሳል! ልጁ አባቱ ነውና አይቈጣም፤ ስልኩንም ክፉ ወሬ እንዳይሆን ፈርቶ መዝጋት አይችልም። በፍቅር የተደወለም ቢሆን ሌሊት ሲሆን ጩኸት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚመቸውን ሰዓት ጠይቆ በዚያ ብቻ መደወል፣ በድንገተኛ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከዚያ አለማለፍ ይገባል።

ጊዜአችን ተፈጽሞ ወደ አዲስ አበባ በተመለስን በመጀመሪያው ሌሊት እኔና ባለቤቴ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደን። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን ልጄ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ። «አባባ፣ ይህ ሁሉ ምንድን ነው? እንዴት ትተኛላችሁ?» አለኝ። ልጁ በዐሥራ አራት ወር የአገሩን ሌሊት ረስቶት ነበር። መብራት ሳላበራ በአልጋዬ ላይ ተቀምጬ አብረን አደመጥን። «ይህ የማዶው ጋራዥ ውሻ ነው፤ ዘበኛው ሲዞር ይጮኻል፣ ዘበኛው ሲቀመጥ ዝም ይላል። ያ ከባድ መኪና አሸዋ የጫነ ነው፤ ቀን ወደ ከተማው እንዳይገባ ስለ ተከለከለ ሌሊት ይመጣል። ይህ ደግሞ ካህናቱ ለማኅሌት ሲነሡ ነው፤ ሊነጋ ሲል ያበቃል» እያልሁ አንድ በአንድ ነገርሁት። እርሱም፣ «እንግዲያስ ውሻው መቼ ይተኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ሳልሰጠው እንቅልፍ ወሰደው።

እንግዲህ ልጆቻችሁን ወደ ውጭ አገር የምትሸኙ ወላጆች ሆይ፤ ከልብሱና ከስንቁ ጋር ይህን ምክር ጨምራችሁ ስጧቸው። ቤት ከመከራየታቸው በፊት በሥራ ቀን በሌሊት ሄደው ያዳምጡት። ጩኸት ቢያስቸግራቸው ከመጠርጠር በፊት ይጠይቁ፤ ከመክሰስም በፊት ይመዝግቡ። የአገሩን የዕረፍት ሰዓት ተምረው እነርሱ አስቀድመው ይጠብቁት። ጐረቤታቸውን በክርክር ቀን ሳይሆን በደኅና ቀን ይወቁት። በደብዳቤያችሁም ስለ ምግቡና ስለ ብርዱ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃልን?» የምትለውን አንዲት መሥመር መጨመር አትርሱ።